በአራተኛው ጥርስ

አባቴ የመኪናውን የእጅ ፍሬን ራሱ መፍታት የጀመረው የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ሁለት ጊዜ «ምንም የለበትም» ብሎ ከመለሰለት በኋላ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ቢወስደው ጥፋቱን ከመኪናው ላይ አንስተው እሱ ላይ እንደሚለጥፉት ያውቅ ነበር። ስለዚህ አንድ እሁድ ጠዋት ቱታውን ለብሶ፣ ክሪኩን ከወንበር ሥር አውጥቶ፣ «ረዳት! ተነሺ፣ ሥራ አለ» ብሎ ቀሰቀሰኝ።

ረዳት የሚለው እኔን ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ ሾፌር፣ እኔ ረዳት፤ እናቴ ደግሞ ሲያሾፍባት ተቆጣጣሪ ትባላለች። በር ስዘጋ «ሂድ!» እያልኩ ጣራውን መምታት ሁሉ አስተምሮኝ ነበር።

መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ነጭ፣ ከኋላ ሁለት ረድፍ ወንበር ያለው። አባቴ ጠዋት ሠራተኞቹን ከየቤታቸው ይለቅማል፣ ማታ ይበትናል፣ ከዚያ መኪናው እኛ በር ላይ ያድራል። ቤታችን ደግሞ የአንድ ቁልቁለት መንገድ ወገብ ላይ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ መኪና ማቆም፣ ሕፃን ልጅ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ እንደመግባት ነው።

ነገሩ የተጀመረ ቀን አብሬው ነበርኩ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ዳገቱ ሥር እጠብቀውና ጋቢና ገብቼ እስከ ቤት እሄዳለሁ። በር ላይ ቆመ። ማንሻውን ሳበ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እግሩን ከፍሬን ላይ አነሳ። መኪናው ትንሽ አሰበ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ። አባቴ ፍሬኑን ረገጠ፤ ግንባሬ ወደፊት ሄዶ ተመለሰ። እንደገና ሳበ። አራት። እንደገና ሸሸ።

«ረዳት፣ ድንጋይ!»

ዘልዬ ወረድኩ። ከአጥሩ ሥር ሁለት እጄን የሚሞላ ድንጋይ አምጥቼ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የድንጋዩ ኃላፊ ሆንኩ። በሕይወቴ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥልጣን እሱ ነው፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ችግሩን ያስረዳኝም እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮኝ ነው። «ይሄ ቀጭ የሚለው ጥርስ ነው» አለኝ። «ማንሻው ሥር ጥርስ አለ፣ በሳብሽው ቁጥር አንድ አንድ ይዘላል። ጤነኛ የእጅ ፍሬን ስድስት ጥርስ ላይ ሲደርስ መኪናውን ግጥም አድርጎ ይይዛል። ይሄኛው አራተኛው ላይ ድርቅ ይልብኛል። ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል።»

«ለምን አልሄድም ይላል?»

«እሱን ነው የምንመረምረው።»

እኔ ግን ምርመራ አላስፈለገኝም። መኪናው አኩርፏል ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስታኮርፍ ልክ እንደዚያ ነው የምትሆነው፤ እስከ አንድ ቦታ ትጎተታለች፣ ከዚያ ፍንክች የለም።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ደስ የሚሉ ነገሮች ይታዩኝ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት የአባቴን ሸሚዝ ትቆልፍለት ጀመር። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ከአንገቱ ጀምራ ወደታች፣ አንድ በአንድ። እሱ ጣራውን እያየ ይቆማል። በፊት እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ተፋቀሩ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀንማ ለጎረቤት ልጆች «እናትና አባቴ እንደ ሙሽራ ሆነዋል» ብዬ አውርቻለሁ። ሻይም በሁለት እጁ አቅፎ መጠጣት ጀምሮ ነበር። በርዶት ነው ብዬ እኔም እንደሱ አቅፌ እጠጣ ነበር፤ እናቴ አይታኝ «በአንድ እጅሽ ጠጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ያን እሁድ መኪናውን ከቤቱ ጎን ወዳለችው ደልዳላ ቦታ አስጠጋው። የፊት ጎማዎቹን በፊትና በኋላ በድንጋይ ታኮ አደረግንላቸው። ክሪኩን ከኋላ አስገብቶ አነሳው። ማንሻውን ሁለት ጥርስ እንድስብ አዘዘኝና ጎማውን በእጁ አዞረው፤ ዞረ። «ሦስት!» አለኝ። ከበድ ብሎ ዞረ። አራት፣ አምስት። ጎማው ደርቆ ቆመ።

«ያዘ!» አልኩ።

«ያዘ» አለ አባቴ። አልተደሰተም።

ጎማውን ፈታን። ብሎኖቹን ለማላላት መፍቻው ላይ በእግሩ ቆሞ ረገጠው፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፣ እኔም አብሬው ቆምኩ። ከጎማው ኋላ ያለውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ አወለቀው። ከውስጡ ጥቁር ብናኝ ቡን አለ። የተቃጠለ ወረቀት የመሰለ ሽታ አለው። ሁለት የፍሬን ሸራዎች እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። በጥፍሩ ውፍረታቸውን ለካ። ዘይት ነክቷቸው እንደሆነ አሸተተ። ከመኪናው ሥር ገብቶ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ ዳሰሰው፤ የተበጠሰ ክር የለም፣ ዝገት የለም። እኔ ጋቢና ውስጥ ማንሻውን እያነሳሁና እያወረድኩ፣ እሱ ከሥር ገመዱ ሲሄድና ሲመለስ ያያል።

«ይንቀሳቀሳል?» እላለሁ ከላይ።

«ይንቀሳቀሳል» ይላል ከሥር፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ወጥቶ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ሸራው ወፍራም ነው፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ታምቡሩ አልተበላም። አንድ ነገር ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ሰው እንዲያ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ዛሬ እኔም ሐኪም ቤት ሄጄ «ምርመራሽ ንጹሕ ነው» ሲሉኝ ደስ አይለኝም፤ ባሌ ይስቅብኛል። እሱ አባቴን ጎማ ላይ ተቀምጦ አላየውም።

መልሰን ስንገጥም አንድ ዳዶ ከእጁ ወደቀ። አነሳው፣ ወደቀ። ሦስተኛ ሲወድቅ አሻግሮ አየኝና «ያንቺ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው፤ አንቺ አስገቢው» አለኝ። የጎማውን ዳዶዎች ሁሉ የጀመርኳቸው እኔ ነኝ። እሱ በመፍቻ ጨረሳቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል እጄን ግሪስ እንደሸተተ ላቆየው ፈልጌ፣ ስታጠብ መዳፌን ብቻ እታጠብ ነበር።

ያኔ አባቴ ያልሞከረው ነገር ቢኖር ማጥበቅ ነው። ከመኪናው ሥር ገመዱን የሚያሳጥር አንድ ዳዶ አለ። «በአራት የሚደርቅ ከሆነ፣ በአራት እንዲይዝ አደርገዋለሁ» አለ። አጠበቀው። ማክሰኞ ዕለት ሠራተኞቹን ጭኖ ሲሄድ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ሸተተ። ማንሻው ወርዶም እንኳ ሸራው ታምቡሩን አልለቀቀም ነበር። ከኋላ የምትቀመጠው ታይፒስት «ኧረ ሾፌር፣ ሊያነደን ነው እንዴ ይሄ መኪና?» ብላ ጮኸች። ለእናቴ ሲነግራት እየሳቀ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

በሚቀጥለው እሁድ አላላው። አሁን ማንሻው እንደ ቅቤ ቀለለ፤ ግን መኪናው ቁልቁለቱ ላይ አይቆምም። እንደገና ትንሽ አጠበቅነው። እንደገና ትንሽ አላላነው። ብናጠብቀው ይቃጠላል፣ ብናላላው ይሸሻል። ከጠዋት እስከ ምሳ ከደልዳላው ወደ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ ወደ ደልዳላው ስንመላለስ ዋልን። አባቴ ይስባል፤ አራት። ይሸሻል። ድንጋይ። ይገባል ከሥር። ይወጣል። ይስባል፤ አራት።

በመጨረሻ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ቆየና፣ «እስቲ አንቺ ሳቢ» አለኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ፍሬኑን በእግሬ ይዤልሻለሁ።»

ሁለት እጄን ማንሻው ላይ ጠመጠምኩ፣ ጫማዬን ዳሽቦርዱ ላይ ተከልኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩና ወደኋላ ተንጋለልኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ስምንት!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ እግሩን አነሳ። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

በሩን በርግጄ ወጣሁ። «እማዬ! እማዬ! አባዬን በለጥኩት! እኔ ስምንት፣ እሱ አራት!»

እናቴ እጇን በልብስ ሳሙና አረፋ እንደሞላች በር ላይ ብቅ አለች። እኔን አላየችም። ከኔ በላይ አሻግራ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን አየች። ከዚያ «ዝም በይ!» አለችኝ። «ሰው ይሰማል!» ቅናት መሰለኝ። እሷ መኪና ነድታ አታውቅም፤ ማንሻ ስባ አታውቅም፤ ስለዚህ ቀናች።

ከሰዓት በኋላ ዳዶ መጣ። ዳዶ ከኛ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ የሚኖር መካኒክ ነው። ስሙን ማንም አይጠራውም፤ አጭር፣ ክብ፣ ጠንካራ ስለሆነ በሚፈታውና በሚያስረው ዳዶ ጠሩት። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነበር፤ ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም።

«ሾፌር መካኒክ ልሁን ሲል መኪና አስለቅሶ ነው የሚያርፈው» አለ ገና ከሩቁ። «ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የከሳው?»

«አንተ ደግሞ ከብረት በላይ መናገር ትወዳለህ። ግባና እየው።»

ዳዶ አባቴ ያላላውን ገመድ እንደሚሆነው አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ ማንሻውን በሦስት ጣቶቹ ብቻ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ሳበው። ስድስት። ወረደና በትከሻው መኪናውን ገፋ። እኔም ገፋሁ። ግድግዳ መግፋት ነበር።

«ይሄ መኪና ምንም የለበትም» አለ።

«አንተም እንደነሱ?»

«ምንም የለበትም ወንድሜ። እስቲ አንተ ሳብ።»

አባቴ ገብቶ ሳበ። ዳዶ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። እኔ መኪናውን እያየሁ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ከአባቴ ክንድ ላይ አልነቀለም። ቀጭ አራት ጊዜ ተሰማ። ዳዶ ቀልዱን ተወ። በሩን ከፈተለትና ሲወርድ፣ «ጨብጠኝ እስቲ» አለው።

«ምን?»

«ጨብጠኝ። ዛሬ ሰላም አላልከኝም።»

«እጄ ግሪስ ነው።»

«የኔ መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል?»

ተጨባበጡ። ዳዶ አለቀቀውም።

«ጠበቅ አድርገህ» አለው።

«ጠበቅ አድርጌ ነው» አለ አባቴ።

አንድ ብስክሌት ደወሉን እያቃጨለ በአጠገባችን አለፈ። ዳዶ የአባቴን እጅ ወደ ራሱ አስጠግቶ መዳፉን ገልብጦ አየው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ በጣቱ ዳሰሰ። ገደል ሆኖ ነበር። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ መለሰለት፣ ልክ የተዋሰውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

«ገመዱ ነው» አለ።

«ገመዱ?»

«አርጅቷል። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጥ ለውስጥ አልቋል። ይቀየራል።»

አሁን «ምንም የለበትም» ያለ ሰው፣ ተጨባብጠው ሳይጨርሱ «ይቀየራል» አለ! ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሰው ሊሸወድ የሚችለው እስከዚህ ድረስ ነው። ዳዶ ሌባ እንደሆነ ያን ዕለት ወሰንኩ። በማግስቱ አዲስ ገመድ አምጥቶ ሲገጥም፣ የወጣውን አሮጌ ገመድ ከአፈር ላይ አንስቼ በሽፋኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሳብኩት፤ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ማስረጃ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ዳዶ ጉንጬን ሊነካ ሲጠጋ እሸሸው ነበር። ይህን ጥላቻ እስከ ሃያ ዓመቴ ተሸክሜዋለሁ፤ እውነቱን እናቴ ስትነግረኝ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ከገመዱ ጋር ዳዶ ሌላም ነገር አመጣ፤ ክንድ የሚያህል ቱቦ። ጫፉን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። መካኒክ የጠበቀ ብሎን አልፈታ ሲለው መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካና እጀታውን ያረዝመዋል፤ ክንድ ሲረዝም ጉልበት ይጨምራል። ዳዶ ይህንኑ ለእጅ ፍሬኑ አደረገለት። አባቴ ቱቦውን ማንሻው ላይ ሰክቶ፣ በደረቱ ተጠግቶ ሲስበው ስድስት ጥርስ መጣ። መኪናው ቆመ። አባቴ ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ለዳዶ ያለኝ ጥላቻ ትንሽ ቀነሰ።

እናቴና ዳዶ በጓሮ በኩል ሲነጋገሩ የሰማሁት በዚያው ሰዓት ነው። ልብስ ማስጫው ሥር ተቀምጬ ነበር።

«እስከ መቼ?» አለች እናቴ።

«እስከቻለው ድረስ፣ እህቴ።»

«ሰው ይጭናል እኮ። ሰው!»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ቱቦውን ለምን ሰጠኸው?»

ዳዶ «ምን ልስጠው ታዲያ?» አለ።

ቱቦው ተወደደባት አልኩ በልቤ። ደግ አደረገች፣ ሌባውን ተከራከረችልን።

ቱቦው ስድስት ሳምንት አገለገለ። ቀን ቀን ከጋቢናው ወንበር ሥር ይተኛል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ወርደው መኪናው ባዶ ሲሆን ይወጣል። በእነዚያ ሳምንታት እናትና አባቴ ሁለት ጊዜ እኔን ጎረቤት ትተውኝ ተያይዘው ወጥተዋል። ሲመለሱ የታጠፈ ወረቀት በእናቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልብስ ሊያሰፉ ነው የሄዱት ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሐኪሙ እጁ መጀመሪያው ብቻ እንደሆነ፣ እግሩ እንደሚቀጥል፣ ከዚያ ምላሱ፣ ከዚያ ትንፋሹ እንደሆነ ለእናቴ በኮሪደር ላይ የነገራት ሁለተኛው ጊዜ ነው። መድኃኒት የለውም። «ሦስት ዓመት» አላት፤ «ቢበዛ አራት።» አባቴ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው የቆየው። ያኔ ግን ጠዋት ተነስቶ፣ ሸሚዙ ተቆልፎለት፣ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ሾፌር ነበር። ከመኪናው የሚወርድበትን ቀን አንድ ቀን ለመግፋት ነበር ያ ሁሉ ልፋት፣ ሌላ ምንም አልነበረውም።

አንድ ሐሙስ ትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ተለቀቅን። አባቴ ከበር ላይ ወሰደኝና እስከ መውጫ ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንድቆይ ይዞኝ ሄደ። ግቢው ወደ ዘበኛው ቤት ያዘቀዘቀ ነው። ገና እንደቆምን፣ አባቴ ፍሬኑን በእግሩ እንደያዘ፣ የስምሪት ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ ወደኛ መጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ፤ ባየኝ ቁጥር ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የጋቢናውን በር ከፍቶ ገባ። እኔ ከኋላ ነኝ። ከረሜላዬን ሰጠኝ።

«ታይፒስቷ ደግሞ ስለዚህ መኪና ስሞታ አቀረበች» አለ ለአባቴ። «ባለፈው ሽታ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጠዋት እሷ በር ላይ ስትሳፈር ወደኋላ ሄደብኝ አለች። እውነት ነው?»

«ትንሽ ነው፣ አለቃ። እግሬን ቶሎ አንስቼ ነው።»

«አንተ እግርህን ቶሎ የምታነሳ ሾፌር ነህ? ሃያ ሁለት ዓመት?»

አባቴ ሳቀ፣ ኃላፊውም ሳቀ። በዚህ መካከል ኃላፊው እግሩን ሲያመቻች የሆነ ነገር መታው። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ቱቦውን አወጣ። ፕላስተሩን፣ ጫፉን፣ ቀዳዳውን አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

ከአባቴ ቀድሜ እኔ መለስኩ። ከአባቴ አንገት ኋላ ብቅ ብዬ፣ ከረሜላው ጉንጬ ውስጥ እንዳለ፤

«አባዬ የእጅ ፍሬኑን የሚስብበት ነው! ያለሱ አራት ብቻ ነው የሚችለው። እኔ ግን ያለምንም ቱቦ ስምንት እስባለሁ!»

«ስምንት?» አለ ኃላፊው።

«ስምንት! እሱን ጠይቀው!»

ኃላፊው አባቴን አየ። አባቴ በመስተዋቱ ውስጥ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ ቁጣ የለበትም። እኔ ከእሱ ቁጣ ባገኝ ኖሮ ዛሬ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ። «ትበልጠኛለች።»

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስቲ ሳበው ወንድሜ» አለ። «ያለ ቱቦው።»

አባቴ ቀኝ እጁን ማንሻው ላይ አደረገ። ሳበ። ግቢው ጸጥ ብሎ ነበርና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሦስት ብቻ ነበሩ። እግሩን ከፍሬን ላይ አነሳ፤ ለምን እንዳነሳ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማንም አንሳ አላለውም። መኪናው ወደ ዘበኛው ቤት መሄድ ጀመረ። ዘበኛው ከበርጩማው ተነሳ። ኃላፊው በግራ እጁ ማንሻውን አፈፍ አድርጎ ሳበው። ቆምን።

እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ውድድር ነበር እኮ፤ አንደኛ ወጥቻለሁ።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሉኝ። ጠዋት የትምህርት ቤት መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። ሾፌሩ እጁን መሪው ላይ እንዴት እንዳስቀመጠ በመስኮት አያለሁ፤ በሩን ሲዘጋ ጣቶቹን አያለሁ፤ መኪናው እስኪታጠፍ ከመስኮቱ አልነሳም። አንድ ቀን ቱቦ ባገኝ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። አባቴ በየቀኑ ይጭናቸው የነበሩትም የሰው እናቶችና የሰው አባቶች እንደነበሩ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ ግን አልጠቀመኝም።

ኃላፊው ወርዶ በአባቴ በኩል መጣ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አነጋገረው። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰማሁ። «ለጊዜው ትንሽ አረፍ በል»፣ «ለጊዜው ሌላ ሰው ይይዘዋል»፣ «ለጊዜው ነው ስልህ።» አባቴ ራሱን እየነቀነቀ «እሺ አለቃ» ይላል። ቁልፉን ሊነቅል ሞከረ፤ ኃላፊው እጁን በመስኮት አስገብቶ ነቀለለት። ጨዋነት ነው ብዬ አየሁት።

«ቤታችሁ ላድርሳችሁ?» አለ።

«አይ፣ በእግራችን እንሄዳለን» አለ አባቴ። «ቀኑ ጥሩ ነው።»

ቀኑ ጥሩ አልነበረም፤ ደመና ነበር።

ከግቢው ወጥተን ስንሄድ የአባቴ ጫማ አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማኝ ነበር። ትምህርት ቤት እኛ ስንሰላች ጫማችንን ስንጎትት እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ መሰለኝና እኔም እየፈቅኩ ሄድኩ። ትልቁ መንገድ ጋ ስንደርስ ቆመ። ሁልጊዜ የሚያሻግረኝ እሱ ነው። መዳፉ ውስጥ እጄን ይውጠውና፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ረዳት፣ ሂድ በይ» ይለኛል። ያን ቀን ግን፣

«አንቺ እይ» አለኝ። «አንቺ ስትዪኝ እንሄዳለን።»

«እኔ ላሻግርህ?»

«አንቺ አሻግሪኝ። እጄን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ እሺ? እኔ ልለቅሽ እችላለሁ።»

እንዲህ ያለ ሹመት በአንድ ቀን! እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ጣቶቹ አልታጠፉም። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ እንደሱ ዓይኔን አጥብቤ የመኪኖቹን ፍጥነት ገመትኩ። «አሁን!» አልኩ።

መንገዱ መሃል ላይ እግሩ ያዘው። ወደፊት ጎተትኩት፤ ወደፊት መምጣት እየፈለገ አልመጣም። አንድ ሰማያዊ መኪና እየጮኸ መጥቶ ክንድ የማይሞላ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ፣ አንድ ወጣት፣ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ።

«አንተ ሽማግሌ! ቤትህ አትቀመጥም? ልጅቷን ልታስጨርሳት ነው?»

አባቴ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። «ይቅርታ ወንድሜ» አለ።

ደሜ ፈላ። አባቴን ማንም በመንገድ ላይ ሰድቦት አያውቅም፤ ይህን መንገድ ከዚያ ልጅ መወለድ በፊት ጀምሮ የሚያውቀው እሱ ነው። እጁን ሳልለቅ ወደ ሰማያዊው መኪና ዞርኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፤

«ሽማግሌ አይደለም! ሾፌር ነው! አባቴ ሾፌር ነው!»

ወጣቱ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቀ። ከኋላው ያሉት ክላክስ መንፋት ጀመሩ። አባቴን ቀና ብዬ ጠበቅኩ፤ ንገረው ብዬ፣ አንድ ቃል ይናገራል ብዬ። እሱ ግን እግሩን እያየ ነበር።